ሆድ ይፍጀው

ከዐረብ ሀገር የተላከ ገንዘብ ለእናቶች ቆጥሬ በሰጠሁ ቁጥር አስባለሁ፤ የላኪዋን ብር እኛ እንቆጥራለን፣ ጭንቀቷን ግን ማን ይቆጥረዋል?

በ2006 ዓ.ም. ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን በጥቂት ወራት ውስጥ ከሳዑዲ ዐረቢያ ተመለሱ። ተመላሿን «ደኅና ነሽ?» ሲሏት «ተመስገን» ትላለች፤ የቀረውን ሆድ ይፍጀው።

የዓለም ጤና ድርጅት ከአጋሮቹ ጋር በ2011 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ ርዳታ መመሪያ ረጂዎችን ሦስት ነገር ያስተምራል፦ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። ተጎጂውን «የደረሰብህን ተናገር» ብሎ ማስገደድንም ይከለክላል።

እኔ አራተኛ ልጨምር፦ የሆድን ቋንቋ ማወቅ። «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» ስትል፣ በእንግሊዝኛ የሠለጠነው ባለሙያ በቅጹ ላይ «የሆድ ሕመም» ብሎ ከጻፈ፣ ጆሮው ሰምቶ ልቡ አላዳመጠም። ለሐኪሙም ለነርሷም በሥልጠናው ውስጥ ይህ ቋንቋ አንድ ምዕራፍ ይሰጠው፤ ያልተጻፈ የሐዘናችን መዝገብ ነውና።