ልብን የከበበው ውሃ

የልብ ቀዶ ሕክምና ሲባል ሁላችንም የምንፈራው የኦፕራሲዮኑን ቀን ነው። በሽተኛው ወጥቶ ቤቱ ከገባ በኋላ «ተመስገን!» ተብሎ ቡና ይፈላል፣ ነገሩም ያልቃል። ግን ያልቃል እንዴ?

ወሎ ሰፈር፣ ከኢትዮ ቻይና መንገድ ገባ ብሎ ባለው ግቢያችን የምትኖር አንዲት ወጣት የልቧ ቫልቭ በብረት ተቀይሮላት ተመለሰች። በሁለተኛው ሳምንት ድካም ጀመራት። ጋደም ስትል ትንፋሽ ያጥራታል፤ ትራስ ደራርባ ቁጭ ብላ ታድራለች። ጎረቤቱ «ቁስሉ እስኪጠግግ ነው፣ አጥሚት ትጠጣ» አለ። ደግነቱ ቀጠሮዋ ደረሰና በኢኮ ስትታይ ልቧ በፈሳሽ ተከቦ ተገኘ።

ልብ የሚቀመጥበት ከረጢት በጤነኛ ሰው ከ50 ሚሊ ሊትር ያልበለጠ ፈሳሽ ነው የሚይዘው። ከኦፕራሲዮን በኋላ ጥቂት መጨመሩ የተለመደ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም በራሱ ይጠፋል። ሲበዛ ግን ልብን ጨምቆ በደም እንዳይሞላ ይከለክለዋል። ታምፖናድ የሚባለው ይሄ ነው፤ ይገድላል። ደም ማቅጠኛው ዋርፋሪን ወደ ከረጢቱ መድማትን ሊያባብስ ይችላል፤ የብረት ቫልቭ ያለው ሰው ደግሞ ያለሱ አይሆንለትም። ጣጣው እዚህ ላይ ነው።

እናቷ «ዶክተር፣ ደረቷን ደግማችሁ ልትከፍቱት ነው?» ብለው አለቀሱ። አልተከፈተም። ቦታው ደነዘዘ፤ በኢኮ እየታየ ከደረት አጥንቷ ጫፍ ሥር መርፌ ገባ፤ በመርፌው ውስጥ ቀጭን ሽቦ፣ በሽቦው ላይ ደግሞ ጫፉ የተጠማዘዘ ቀጭን ቱቦ። ቀይ ሻይ የመሰለ ፈሳሽ ወረደ፤ ትንፋሿም እዚያው አልጋው ላይ ቀለል አለላት። (ሁሉም እንዲህ አይታደልም። ደሙ ከረጋ ወይም ፈሳሹ ከልብ ኋላ ከተደበቀ መርፌ አይደርስበትም፤ በቀዶ ሕክምና መክፈት ግድ ይላል።)

ጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው የልብ ማዕከል በ2001 ዓ.ም. ሥራ ከመጀመሩ በፊት ብዙ ልጆች ውጭ አገር ተልከው ነበር ኦፕራሲዮን የሚደረጉት። ዛሬ ደረታቸው የተሰፋ ሰዎች በየሰፈሩ አሉ። ስለዚህ በኔ አስተያየት ሲወጡ የሚሰጣቸው ምክር ስለ ቁስልና ስለ ክኒን ብቻ መሆን የለበትም። «ትንፋሽ ካጠራችሁ፣ ተጋድማችሁ መተኛት ካቃታችሁ፣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ኑ» ይባልላቸው። እኔ ጤና ጣቢያ ለልምምድ ስወጣ የደረት ጠባሳ ካየሁ መጀመሪያ የምጠይቀው በስንት ትራስ እንደሚተኙ ነው።