ሙያ ብትቀይር

ቡና ላይ የተነሳ ጨዋታ ነው፤ «ሙያ ቀይር ብትባል ምን ትሆን ነበር?» የሚል። የሒሳብ ሠራተኛው አናጺ አለ፤ ጸሐፊያችን አብራሪ አለች። እኔ ሳላመነታ «ብራና ጸሐፊ» አልኩ።

ከልቤ ነው። የፍየሉ ቆዳ ታጥቦ በእንጨት ላይ ሲወጠር፣ ስቡና ጸጉሩ እስኪለቅ ሲፋቅ፣ ነጥቶ ሲደርቅ ማየት አይሰለቸኝም። ከዚያ ዳርና ዳሩ በወስፌ ይበሳል፤ ከቀዳዳ ቀዳዳ ያለ ቀለም ይሰመራል። ጥቁሩ ቀለም ጥላሸትና ያረረ እህል ተወቅጦ፣ ለወራት ተብላልቶ የሚገኝ ነው። ጸሐፊው መቃውን ቀርጾ ቀንድ ውስጥ ካለው ቀለም እየጠቀሰ ይወርዳል፤ የእመቤታችን ስም ላይ ሲደርስ ግን ጥቁሩን አስቀምጦ ቀዩን ያነሳል። እኔን የሚማርከኝ ይህ ነው። ለአንድ ስም ክብር ሲባል ብዕር የሚቀየርበት ሥራ ሌላ የት አለ?

«በዚህ ዕድሜ?» አለችኝ አንዷ። ጥያቄዋ ተገቢ ነው፤ የቤት ኪራይ አለ፣ ልጆች አሉ። ግን ሙላቱ አስታጥቄም ወደ ዌልስ የተላኩት ምህንድስና እንዲማሩ ነበር፤ ወደ ሙዚቃ ባይዞሩ ኖሮ ኢትዮ ጃዝን ከየት እናገኘው ነበር? ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅንም አሜሪካ ሄደው ያጠኑት ሕግ ነው። እርግጥ ሁለቱም ያኔ ወጣቶች ነበሩ።

ሥራዬን አልለቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ቁም ጽሕፈት የሚያስተምሩኝ መሪጌታ አግኝቻለሁ። «ቆዳው ይቆይህ፤ መጀመሪያ መቃ መቅረጽ ልመድ» ብለውኛል።