ለደጋ ጤና ጣቢያ የሚሆን ተጠባባቂ ጄኔሬተር

የመብራት ኃይል መስመር ባልደረሰበት የደጋ ቀበሌ የሚገኝ ጤና ጣቢያ፣ በጣራው ላይ በተዘረጋው ሶላር ከመስከረም እስከ ግንቦት ሌሊቱን በብርሃን ቢያሳልፍም፣ ወርኃ ሐምሌ ገብቶ ሰማዩ በደመና በተጋረደ ጊዜ፣ ያው ሶላር በበጋ ከሚሰጠው አምስተኛውን ለመስጠት እንኳ የሚቸገርባቸው ቀኖች ተከታትለው ይመጣሉ፤ ምጥ ግን ደመናው እስኪገፈፍ አይጠብቅም። ለእንዲህ ያለው ቀን የሚገዛውን ተጠባባቂ ጄኔሬተር መምረጥ የእናቲቱንና የሕፃኑን ነፍስ የሚመለከት ጉዳይ ሆኖ ሳለ፣ ብዙ ጊዜ ያለ ስሌት ሲፈጸም ማየቴ ስለሚያሳዝነኝ፣ የማውቀውን ዘርዘር አድርጌ ልጽፍ ወደድሁ።

በግዥ ጊዜ ዘወትር የሚሰማው ቃል «ትልቁ ይሻላል፤ ነገ ሥራው ይሰፋል» የሚል ነው። ይህ አነጋገር ለሕንፃ ወይም ለመጋዘን እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለናፍጣ ሞተር ግን አይደለም። የናፍጣ ሞተር ከአቅሙ ሲሶ በታች እየተጫነ ለብዙ ሰዓት ሲሠራ፣ በሆዱ ያለው ሙቀት ነዳጁን ፈጽሞ ለማቃጠል ስለማይበቃ፣ ያልነደደው ናፍጣ ከጥላሸት ጋር ተዋሕዶ፣ ሬንጅ የመሰለ ጥቁር ቅባት ሆኖ በጭስ ማውጫው መጋጠሚያ ላይ ይንጠባጠባል፤ በጣት ቢነኩት ይጣበቃል፤ ውስጥ ውስጡንም ቫልቩንና የፒስተኑን ቀለበት እየሸፈነ ሞተሩን ያለ ዕድሜው ያስረጀዋል።

እንግዲህ ልኩ ከወዴት ይገኛል? ብዙዎች አምፖሉን፣ ማቀዝቀዣውንና ማይክሮስኮፑን ቆጥረው ይደምራሉ፤ ነገር ግን የሶላር ተጠባባቂ የሆነ ጄኔሬተር በመጀመሪያ የሚያገለግለው ባትሪውን ስለሆነ፣ ስሌቱም መጀመር ያለበት ከባትሪው ነው። ለምሳሌ 48 ቮልት፣ 400 አምፒር ሰዓት የሚይዝ የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ያለውን ጤና ጣቢያ እናስብ። እንዲህ ያለው ባትሪ የመጠኑን ስምንተኛ፣ ማለት 50 አምፒር ያህል፣ በደኅና ይቀበላል፤ ይህም ወደ 2.8 ኪሎ ዋት ሲሆን፣ በቻርጀሩ የሚባክነውና የማቀዝቀዣው ፍጆታ ሲጨመርበት 3.6 ኪሎ ዋት ገደማ ይደርሳል። ሞተሩም ከአቅሙ ሦስት አራተኛ እስከ አራት አምስተኛ ቢጫን ደስ ብሎት ስለሚሠራ፣ በቦታው ላይ 4.5 ኪሎ ዋት ሊሰጥ የሚችል ጄኔሬተር ያስፈልጋል።

«በቦታው ላይ» ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በጄኔሬተሩ ጠፍጣፋ ብረት ላይ የተጻፈው ቁጥር በባሕር ጠረፍ አካባቢ ላለ አየር የተጻፈ ነው፤ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከኃይሉ 3 በመቶ ያህል ያጣል። በ2,800 ሜትር ከፍታ፣ ማለት በደብረ ብርሃን አካባቢ፣ ሩብ የሚያልፈው ኃይል በከፍታው ብቻ ይጠፋል ማለት ነው። ስለዚህ 4.5 ኪሎ ዋት ለማግኘት 6.3 ኪሎ ዋት ተብሎ የተጻፈበትን መግዛት ግድ ይሆናል፤ በሻጮች አነጋገር 8 ኬቪኤ፤ ምክንያቱም ኬቪኤው በ0.8 ሲባዛ ነው ኪሎ ዋቱ የሚገኘው። «ትልቁ ይሻላል» ተብሎ የተገዛ 20 ኬቪኤ ጄኔሬተር በዚሁ ቦታ ቢተከል፣ ጭነቱ ገና ሲነሣ ከሲሶ በታች ነው፤ ባትሪው እየሞላ ሲሄድማ ከስድስተኛም በታች ይወርዳል።

አነሣሡም ጊዜ አለው። የእርሳስ ባትሪ የመጀመሪያውን ድርሻ ፈጥኖ ይቀበልና የመጨረሻውን አንድ አምስተኛ በትንሽ በትንሹ እየቀመሰ ብዙ ሰዓት ይፈጃል፤ ስለዚህ ጄኔሬተሩን ማታ አስነሥቶ ሌሊቱን ሙሉ ናፍጣ ከማቃጠል፣ ማለዳ አስነሥቶ ትልቁን ድርሻ ከሰጠ በኋላ አጥፍቶ፣ የቀረውን ለዚያ ደካማ የክረምት ፀሐይ መተው የላቀ ጥበብ ነው። የሊቲየም ባትሪ ያላቸው ይህ ችግር እምብዛም አይነካቸውም።

ቤንዚን ወይስ ናፍጣ ለሚለው ጥያቄ መልሴ አጭር ነው፦ በዓመት ጥቂት ወራት ብቻ ለሚነሣ ሞተር ቤንዚን አይስማማም፤ ለወራት ተቀምጦ ይበላሽና የካርቡራተሩን ቀጭን ቀዳዳ ይደፍናል። ናፍጣው ግን ውኃና አተላ ካልገባበት ይቆያል፤ ከሁሉም በላይ በየገጠሩ ወፍጮ ቤት አለ፤ በወፍጮ ቤቱም የናፍጣ ሞተር ፈትቶ መግጠም የሚያውቅ ባለሙያ አለ፤ ከከተማ መካኒክ እስኪመጣ መንገዱ በጭቃ በሚዘጋበት ክረምት የዚያ ሰው ቅርበት ትልቅ ሀብት ነው።

የጄኔሬተሩ ቤትም ከሕሙማኑ ክፍል ርቆ፣ ነፋስ በሚያሳልፍ ስፍራ ይሠራ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ የተኛን ሰው በተኛበት ይገድላል፤ ዝናብ በዘነበ ጊዜ ጄኔሬተሩን ወደ ኮሪደር ማስገባት በምንም ምክንያት ሊፈቀድ አይገባም።

የጨረታ ሰነድ የምታዘጋጁ ወገኖቼ፣ እባካችሁ «20 ኬቪኤ ጄኔሬተር» ከሚል አንድ መስመር ይልቅ፣ የቦታውን ከፍታ፣ የቻርጀሩን አምፒር፣ ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ሳይሆን 1,500 ዙር የሚዞር መሆኑን፣ የሥራ ሰዓት መቁጠሪያ እንዳለው፣ የዓመቱ የዘይትና የነዳጅ ማጣሪያ አብሮ እንዲቀርብ ጻፉ፤ ሻጩም በዚያ ከፍታ ላይ የሚሰጠውን ኪሎ ዋት ፈርሞ እንዲያረጋግጥ ጠይቁ።