ሱፐርቻርጀር ወይስ ቱርቦ? የመተማ መንገድ ያስተማረኝ

ዴንቨር የሚኖረው የአክስቴ ልጅ የ1966 ፎርድ ሙስታንግ ገዝቷል። ሞተሩ ቪ8 ነው፣ 4.7 ሊትር። ለውድድር አይደለም የገዛው፤ ሥራ በሌለበት ቀን ከተማ ውስጥ ሊነዳው ነው። ጥያቄው አጭር ነበር፦ «ሱፐርቻርጀር ልግጠምለት ወይስ ቱርቦ?» መልሱ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ እዚህ ልጻፈው። ገንዳ ውሃ፣ መተማና ቋራ ላይ አሮጌ ላንድክሩዘር ለምትነዱም ይጠቅማል።

የሁለቱም ሥራ አንድ ነው። ሞተሩ በራሱ ከሚስበው በላይ አየር አምቀው ያስገቡለታል፤ አየር ሲጨምር የሚቃጠለው ነዳጅ ይጨምራል፣ ጉልበትም አብሮ ይመጣል። ልዩነታቸው የሚዞሩበትን ኃይል ከየት ያገኛሉ የሚለው ላይ ነው። ሱፐርቻርጀር በቺንጋ ከሞተሩ ጋር ታስሮ ይዞራል፤ ቤንዚን እንደተረገጠ ይታዘዛል፣ ዋጋውን ግን ከዚያው ከሞተሩ ጉልበት ይቆርጣል። ቱርቦ የሚዞረው ወጥቶ በሚባክነው ትኩስ ጭስ ነው። ስለዚህ ይቆጥባል፣ ግን ጭሱ እስኪበረታ ትንሽ ያስጠብቃል፤ ኮፈኑ ስር ያለውን ሙቀትም ያባብሳል።

ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ «የቱ ብዙ የፈረስ ጉልበት ይሰጣል?» በሚለው ላይ ይቀራል። እኔ አስቀድሜ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ መኪናህ የሚውለው በአንድ ዓይነት አየር ውስጥ ነው ወይስ መንገድህ አየር ይቀይራል?

የጎንደር–መተማን መንገድ የሚያውቅ ሰው ይህ ጥያቄ ወዲያው ይገባዋል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 78 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ከአዘዞ ወጥተህ አይከልን አልፈህ ቆላውን ስትወርድ፣ 200 ኪሎ ሜትር እንኳ ሳትሄድ መተማ ዮሐንስ 700 ሜትር ገደማ ላይ ታገኛታለህ፤ እዚያ ግፊቱ ወደ 92 በመቶ ይደርሳል። ሙቀቱ እኩል ቢሆን ኖሮ የመተማ አየር ከጎንደሩ በ19 በመቶ ያህል ይወፍር ነበር። ነገር ግን ዝናቡ ሳይገባ፣ ሚያዝያ ላይ መተማ 40 ዲግሪ ስትሆን ጎንደር 20 ዲግሪ ብትሆን ትርፉ ወደ 11 በመቶ ይወርዳል። ቆላው በግፊት የሰጠህን በሙቀት ግማሽ ያህሉን መልሶ ይወስደዋል ማለት ነው።

ሰሊጥ ጭኖ ከመተማ የሚነሳ መኪና ሽቅብ በወጣ ቁጥር አየሩ እየሳሳበት ይሄዳል። ቱርቦ እዚህ ላይ ነው ወንድ የሚሆነው። ውጪው ሲሳሳ ጭሱ የሚገፋው ግፊት ስለሚቀንስ ይበልጥ ይፈጥናል፤ የጎደለውንም ብዙውን ይተካል። ይህ የተረጋገጠው ደግሞ እዚያው የአክስቴ ልጅ በሚኖርበት በኮሎራዶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 ሳንፎርድ ሞስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ የሊበርቲ የአውሮፕላን ሞተርን 4,300 ሜትር ከፍታ ላይ ወዳለው የፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ አውጥቶ ሞከረው። ዝቅ ያለ ቦታ ላይ 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር እዚያ 230 ብቻ ሆነ፤ ቱርቦ ሲገጠምለት 356 ሰጠ።

የሱፐርቻርጀር ጠባይ ከዚህ ይለያል። ቺንጋው የሚዞርበት ፑሌ በወሰነለት ልክ የውጪውን አየር ያባዛል እንጂ ከፍታውን አያውቅም። ጎንደር ላይ የጎደለውን እንዲሞላ ፑሌውን አሳንሰህ ብታፈጥነው፣ ያው መኪና መተማ ሲወርድ ከልክ በላይ ያምቃል። 40 ዲግሪ ሆኖ የገባ አየር በግማሽ ከባቢ ግፊት ብቻ ቢታመቅ እንኳ 100 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። የታመቀውን አየር የሚያበርድ ኢንተርኩለር ከሌለ የቤንዚን ሞተር ያንኳኳል (ነዳጁ ያለ ጊዜው ይፈነዳል)፤ የሚያንኳኳ ሞተር እየተነዳ ፒስተን ይበሳል።

አሮጌ ሞተር ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በቆላው የምንወደው የላንድክሩዘሩ 1ኤችዜድ፣ ባለ 4.2 ሊትሩ ናፍጣ፣ ያለ ቱርቦ የተሠራ ነው፤ ሲሊንደሩ አየሩን የሚያምቀው ከ22 ለ1 በላይ ነው። ቶዮታ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1990 ባለቱርቦውን 1ኤችዲ-ቲ ሲያወጣ መጠኑን ወደ 18.6 ዝቅ አድርጎታል። ፋብሪካው ያለ ምክንያት አልቀነሰውም። 1ኤችዜድ ላይ ቱርቦ ገጥሞ፣ ፖምፓውን ከፍ አስደርጎ፣ የአይከልን ዳገት በሙሉ ጭነት የሚወጣ ሰው ቴስታታው ሲሰነጠቅ ሊደነቅ አይገባም። የግድ ከሆነ ግፊቱ ዝቅ ይበል፣ የጭስ ሙቀት መለኪያ ይገጠም። አቧራውንም አትርሱ። ቱርቦ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ይዞራል፤ በላላ ማጣሪያ ሾልኮ የሚገባ የዋልካ አቧራ ክንፉን ይልጠዋል። ዳገት ወጥታችሁ እንደቆማችሁ ሞተር አታጥፉ፤ ዘይቱ ቱርቦው ውስጥ እንዳያር ትንሽ ሚኒሞ ላይ ይቆይ። እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ወደ ኢትዮጵያ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል፤ ያለንን ልንሳሳለት ይገባል።

አብዝቶ የሚያምቅ ሞተር ላይ ቱርቦ መጨመር አደጋ እንዳለው አሜሪካኖቹም በውድ ተምረውታል። ኦልድስሞቢል እ.ኤ.አ. በ1962 ጄትፋየርን ሲያወጣ ሞተሩ 10.25 ለ1 እያመቀ ነው ቱርቦ የጨመረበት። እንዳያንኳኳ የውሃና የሜታኖል ድብልቅ የሚረጭ ታንክ አስቀመጡለት። ባለቤቶቹ ታንኩን መሙላት ይረሱ ነበር፤ መኪናው በሁለት ዓመት ውስጥ ከገበያ ወጣ።

እንግዲህ ወደ ሙስታንጉ። ዴንቨር 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ መኪናው እዚያው ይነዳል፣ እዚያው ያድራል። አንድ ከፍታ ላይ ለሚኖር መኪና ፑሌውን ለዚያ አየር ለክቶ መግጠም ይቻላል፤ የሱፐርቻርጀር ትልቁ ድክመቱ እዚህ ላይ ይወድቃል። የዚያ ዘመን ሙስታንግ ኮፈኑ ስር ጠባብ ነው፤ የቱርቦን ትኩስ ቧንቧ ከካርቡሬተሩ ጎን ማሳለፍ ነዳጁን መንገድ ላይ ማፍላት ይሆናል። መብራት እየያዘው ቆም ሄድ ለሚል መኪናም በቺንጋ የሚዞረው ይስማማል። ካሮል ሼልቢም ከሙስታንግ በሠራው የ1966 ጂቲ350 ላይ በምርጫ ያቀረበው የፓክስተን ሱፐርቻርጀር ነበር፤ ለመኪናው ባዕድ አይሆንበትም።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ሱፐርቻርጀር ግጠም። ከዚያ በፊት ግን ራዲያተሩን አድስ፣ የየሲሊንደሩን ግፊት አስለካ፣ ቀዝቀዝ ያለ ካንዴላ አስገባ፣ ማቀጣጠያውን ጥቂት አዘግየው። ግፊቱ ከ0.4 ባር አይለፍ። ሂዩስተን ላሉት ዘመዶቻችን ልታሳያቸው ይዘኸው ከወረድክ ደግሞ ትልቁን ፑሌ ከመነሳትህ በፊት ቀይርለት፤ እዚያ ያለው አየር ወፍራምም ሞቃትም ነው።