የማክሰኞ ምሽት ወንበሮች በሲልቨር ስፕሪንግ

ሲልቨር ስፕሪንግ በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት፣ ከዋሽንግተን ዲሲ ሰሜናዊ ድንበር ጋር ተያይዛ የምትገኝ ከተማ ናት። ከመሀል ዋሽንግተን በቀዩ መስመር ባቡር ይደረሳል። ስሟ የመጣው ፍራንሲስ ፕሬስተን ብሌር የተባለ ጋዜጠኛ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1840 በአካባቢው ካገኘው ምንጭ ነው። ውሃው በሚያብለጨልጭ ማዕድን ብር ይመስል ስለነበር እንዲህ ተባለ ይላሉ። ምንጩ ደርቋል፤ በቦታው ትንሽ መናፈሻ አለ።

ሐበሻ ግን ለምንጩ ብሎ አይመጣም። በፊት ወገኖቻችን የሚሰበሰቡት ዋሽንግተን ውስጥ፣ አዳምስ ሞርጋንና ዩ ስትሪት አካባቢ ነበር። የቤት ኪራይ ሲንር ብዙዎቹ ወደዚህና ወደ ቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ተሻገሩ። ዛሬ በፌንተን ጎዳናና በጆርጂያ አቬኑ ስትሄዱ በአማርኛ የተጻፈ ማስታወቂያ ታነባላችሁ። በላስቲክ የታሸገ እንጀራ፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ የተቆላ ቡና፣ ጥሬ ሥጋ የሚቆርጥ ልኳንዳ ሁሉ አለ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የቡናው ሽታ አስፋልቱ ድረስ ይመጣል። ለናፈቀ ሰው ገነት ነው። ኪሎውን ለሚጠብቅ ሰው ግን ከባድ ሰፈር ነው፤ የእህቴ ልጅ እዚያ ትኖራለችና ይህን በቅርብ አየሁት።

ልጅቱ ከአራት ዓመት በፊት ጨጓራን የማሳነስ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላታል። ‹ስሊቭ› የሚባለው ዓይነት ነው፤ ከ75 እስከ 80 ከመቶ የሚሆነው የጨጓራ ክፍል ተቆርጦ ይወጣና የቀረው እንደ ሙዝ ቀጠን ያለ ቱቦ ይሆናል። በመጀመሪያው ዓመት ተኩል ከ118 ኪሎ ወደ 76 ወረደች። የስኳር ክኒኗን ሐኪሟ አቆመላት፣ ጉልበቷ ዳነ። እኔ ጡረታ ወጥቼ ሦስት ወር ልቀመጥ ስሄድ ግን 93 ደርሳ ነበር።

ኪሎው ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላሳሰበኝ። ልጅቱ ሰው መሸሽ ጀምራለች። ቤተ ክርስቲያን ዘግይታ ትገባለች፣ ቀድማ ትወጣለች። ለቅሶ ቤት የምትሄደው ሰው ሲቀንስ ጠብቃ ነው። አንድ ቀን ፌንተን ላይ ምግብ ቤት ገብተን አንዲት የታወቀች ሴት ወይዘሮ ጠረጴዛችን ድረስ መጥተው፣ "ውይ፣ ተመልሰሽ ወፈርሽ እንዴ? ያን ሁሉ መከራ ያየሽው በከንቱ ነው?" ብለው ሳሟት። ወዲያው ደግሞ፣ "በሞቴ!" ብለው ቀይ ወጥ የጠገበ ትልቅ ጉርሻ ዘረጉላት። ዋጠችው። ማታ ቤት ገብተን፣ "እትዬ፣ ሐኪሜ ጋ ከሄድኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል፤ ሚዛን ላይ ስወጣ ምን ይሉኛል?" አለችኝ። የቫይታሚን ክኒኑንም ትታዋለች።

ይህ አስደነገጠኝ። እንዲህ ያለ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ቫይታሚን ቢ 12፣ ብረት፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ዕድሜውን ሙሉ መከታተል አለበት፤ ደሙም በየጊዜው መመርመር አለበት። የቢ 12 እጥረት ነርቭ እስከመጉዳት ይደርሳል። እፍረቷ ከሚዛኑ ብቻ ሳይሆን ከዚህም አርቋታል።

ኪሎ ለምን ይመለሳል ለሚለው፣ ‹ሆዳም ስለሆነች ነው› የሚል መልስ በየቤቱ እሰማለሁ፤ ልክ አይደለም። ግሬሊን የሚባለው ረሃብ ቀስቃሽ ሆርሞን በብዛት የሚመረተው በሚቆረጠው የጨጓራ ክፍል ስለሆነ በመጀመሪያ ረሃብ ይጠፋል። ብዙ ሰው ዝቅተኛ ኪሎው ላይ የሚደርሰው ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲያ የምግብ ፍላጎት ይመለሳል። ብዙ ኪሎ የቀነሰ ሰውነት ደግሞ እንደ ቆጣቢ እመቤት ጥቂቱን ምግብ አብቃቅቶ መኖር ይለምዳል። ስለዚህ ጥቂት ኪሎ መመለሱ የተለመደ ነው። ብዙ ሲሆን ግን ምክንያቱ መፈለግ አለበት፦ እንቅልፍ ማጣት፣ የሌሊት ሥራ፣ ጭንቀት፣ እንደ ስቴሮይድ ያሉ መድኃኒቶች። ቀኑን ሙሉ ጥቂት ጥቂት መቅመስም አለ። ትንሽ ጨጓራ ትልቅ ማዕድ ይከለክላል እንጂ ጭብጥ ቆሎ፣ ቁራሽ ዳቦ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ በየሰዓቱ ቢገባ አይከለክልም። ጭማቂና ለስላሳማ ሳይቆም ነው የሚያልፈው።

እኔ የዘዝኩላት ምግብ የለም። "የቀደደሽ ሆስፒታል ስልክ ይነሣልን" ብቻ አልኳት። አራት ዓመት ስላለፈ ዶሴዋ የተዘጋ መስሏት ነበር። የደወለችላት ነርስ ግን የክትትል ቀጠሮና የደም ምርመራ አስያዘቻት፤ በወር አንድ ማክሰኞ ማታ ቀዶ ሕክምናውን ያደረጉ ሰዎች ስብሰባ እንዳለ፣ ዓመት እንደማይቆጠርበት፣ በነጻ እንደሆነ፣ ቤተሰብም መምጣት እንደሚችል ነገረቻት። መምጣት ያልቻለ በቪዲዮ ይገባል።

ሌሎችም በሮች አሉ። ኦቨርኢተርስ አኖኒመስ የሚባለው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960 ሎስ አንጀለስ ውስጥ የተመሠረተ ነው፤ መመዝገቢያ ክፍያ የለውም፣ የመጠጥ ሱሰኞች ማኅበር የሚከተለውን የአሥራ ሁለት ደረጃ መንገድ ይከተላል። ቶፕስ የሚባለው ደግሞ በ1948 ሚልዋኪ ላይ ነው የተጀመረው። ምግብ ሲያዩ ራሳቸውን መቆጣጠር ለሚያቅታቸው የመጀመሪያው ጠቃሚ ነው እላለሁ። ለቀዶ ሕክምና ሰው ግን መጀመሪያ ቀዶ ሕክምናውን የሚያውቅ ቡድን ይሻላል። ፕሮቲን ለምን እንደሚቀድም፣ ከምግብ ጋር ውሃ ለምን እንደማይጠጣ የሚያውቀው እሱ ነው።

ማክሰኞ ማታ በአውቶቡስ ሄድን። ክፍሉ ተራ የስልጠና ክፍል ነው፤ አሥራ አምስት የሚሆኑ ወንበሮች በክብ ተደርድረዋል። ሚዛን የለም፤ እሱን ነበር መጀመሪያ በዓይኗ የፈለገችው። የምትመራው የሥነ ምግብ ባለሙያ ናት፤ እዚህ የተነገረ ከዚህ አይወጣም አለች፤ እኔም ማንነታቸውን ትቼ ነገሩን ብቻ ነው የማወራው። የተሠራለት ዘጠኝ ዓመት የሆነው የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ኪሎው የተመለሰው በየማደያው ከሚገዛው ጣፋጭ ቡና መሆኑን ያወቀው ለሁለት ሳምንት ሲጽፈው ነው። አንዲት አያት ለልጅ ልጆቻቸው ያበስላሉ፤ የሚተርፈውን መጣል ኃጢአት ይመስላቸዋል። እኚህ ሲናገሩ የእኛ ሰፈር አያቶች ሁሉ ታወሱኝ። አንዷ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አንድ ብርጭቆ ወይን ቶሎ እንደሚያሰክራት፣ ቀስ በቀስም ምሽቱ ያለ መጠጥ እንደማይመሽላት ተናገረች። ባለሙያዋ ይህ የታወቀ አደጋ መሆኑን ገልጻ ለብቻ ቀጠሮ ሰጠቻት። ስለ አዲሶቹ መርፌዎች የጠየቀም ነበር፤ ለአንዳንዱ ሰው ኪሎ ሲመለስ እንደሚታዘዙ፣ ውሳኔው ግን ከሐኪም ጋር እንደሆነ ተነገረው።

የእህቴ ልጅ የመጀመሪያውን ማታ ዝም ብላ ወጣች። በሁለተኛው ወር ስለ ጉርሻ ተናገረች። "ሰው በእጁ አፍሽ ውስጥ ያጎርስሻል? እምቢ ማለት አትችይም?" አሉና ተገረሙ። ሾፌሩ፣ "የእኔ እናት ብታውቀው ኖሮ አልቆልኝ ነበር!" ብሎ ክፍሉን አሳቀው። እሷም ሳቀች።

እዚያ ክፍል ያላገኘችው ነገርም አለ። ስለ ጾም የሚያውቅ የለም፣ ስለ እንጀራ የሚያውቅ የለም። ከቤተ ክርስቲያን ያንኑ ሕክምና ያደረጉ ሁለት ሴቶች ተገኙ፤ እነሱም እንደሷ ተደብቀው ኖረዋል። ቅዳሜ ጠዋት በስላይጎ ክሪክ ዳር ባለው የእግር መንገድ መሄድ ጀመሩ። ዛፍ የበዛበት፣ ወንዙ ከጎን የሚንሾካሾክበት ጥሩ ቦታ ነው፤ እኔ አግዳሚ ወንበር ላይ እጠብቃቸዋለሁ። የሚያወሩት የራሳቸውን ነገር ነው፦ ምስር ወጡንና ሽሮውን በማንኪያ አስቀድሞ፣ እንጀራውን መጨረሻ በጥቂቱ። በጾም ፕሮቲን ስለሚያንስ የሥነ ምግብ ባለሙያዋን፣ ካስፈለገም የነፍስ አባትን ማማከር። ቡናው ያለ ስኳር፣ የብረት ክኒን ከተዋጠ ቆይቶ፣ ምክንያቱም ቡና ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያውካል። ካልሲየሙንም ከብረቱ ሁለት ሰዓት ማራራቅ። ማኅበር ነው እንግዲህ፤ ጠላና ዳቦ የሌለው ማኅበር።

እዚህ አገር ቤትም ውጭ ሄደው ተሠርቶላቸው የተመለሱ አሉ። ልጃችሁ ለመሄድ የሚያስብ ከሆነ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት፣ ‹በሦስተኛው ዓመት ማን ይከታተለኛል?› ብሎ ይጠይቅ። የቀዶ ሕክምናውን ማጠቃለያ ወረቀት ይዞ ይመለስ፤ እዚህ ያለ ሐኪም የሚያነበው እሱን ነው። ቡድን ከሌለ ሁለት ሰውም ቡድን ነው፤ ቀኑ በወር አንድ የማይዛነፍ ይሁን፣ አንዳንዴ ነርስ ወይም የሥነ ምግብ ባለሙያ ይጋበዝ። ትውከት፣ የሆድ ሕመም፣ የእጅ እግር መደንዘዝ ወይም ድካም ከመጣ ግን ስብሰባ አይጠበቅም፣ ወደ ሐኪም ነው።

ያቺ ወይዘሮ ከመመለሴ በፊት ቤት መጥተው ነበር። ቡና ተፈላ። ወይዘሮዋ እንጀራውን ጠቅለው እጃቸውን ሲዘረጉ የእህቴ ልጅ ቀልጠፍ ብላ ማንኪያዋን አነሣችና፣ "እማማ፣ ጉርሻዎን ለእትዬ ይስጡልኝ፤ እሷ ገና ሦስት ቀን አላት" አለቻቸው። እኔ ጎረስኩ።