ከባሕሩ ማዶ ያለው በረሃ

ሰው ገንዘብ ከፍሎ፣ በገዛ ፈቃዱ በረሃ ይገባል ቢባሉ አባቶቻችን ባላመኑም ነበር። በእነርሱ ዘመን በረሃ የሚገባው ወይ የተሰደደ፣ ወይ የሸፈተ፣ ወይ ነጋዴ ነው። ዛሬ ግን በያመቱ በጃንዋሪ ወር ከልዩ ልዩ አገር የመጡ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች መኪናቸውን፣ ሞተር ሳይክላቸውንና የጭነት መኪናቸውን ይዘው ሳዑዲ አረቢያ ይሰበሰባሉ። ከዚያም ለሁለት ሳምንት ያህል በአሸዋና በድንጋይ ላይ ይነዳሉ። ውድድሩ ዳካር ራሊ ይባላል። በዓለም ካሉት የመኪና ውድድሮች እጅግ አድካሚው ይህ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው።

እኔ መከታተል የጀመርኩት በተማሪዎቼ ምክንያት ነው። በጃንዋሪ 2021 እስራኤላውያን ተወዳዳሪዎች በሳዑዲ ምድር በዚህ ውድድር መሰለፋቸውን ጋዜጦች ጻፉ። ሁለቱ አገሮች አንዳቸው ከሌላቸው ዘንድ ኤምባሲ የላቸውም፤ ስለዚህ ወሬው ትልቅ ወሬ ነበር። ጊዜው የኮሮና ጊዜ ስለነበረ ከቤት ሆነን በኮምፒዩተር እናስተምር ነበር። ልጆቹ ስለ ትምህርቱ ስጠይቃቸው ዝም ይላሉ፤ «የእኛዎቹ ዛሬ የት ደረሱ?» ስላቸው ግን ሁሉም ባንዴ ይናገራሉ። የእኛዎቹ ከፊተኞቹ ተርታ አልነበሩም። ቢሆንም የመኪናቸው ቁጥር ከአንዱ መቆጣጠሪያ ነጥብ ወደ ሌላው ባለፈ ቁጥር ልጆቹ ደስ ይላቸው ነበር።

አባቴ ቄስ ናቸው። አንድ ማታ በቴሌቪዥን መኪናዎቹ አቧራ እያስነሡ ሲበሩ አይተው፣ «ማን እያሳደዳቸው ነው?» አሉኝ።

«ማንም አላሳደዳቸውም አባ፤ ውድድር ነው» አልኳቸው።

ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና፣ «እሺ፤ ውሃስ ይዘዋል?» አሉ።

ውሃስ ይዘዋል። ያለ ውሃ እንዲነሡም አይፈቀድም። ይህ ሁሉ ሕግ የወጣው ግን በረሃው ካስተማረ በኋላ ነው። ውድድሩን የመሠረተው ቲየሪ ሳቢን የሚባል ፈረንሳዊ ነበር። በ1977 ከአይቮሪኮስት ተነሥቶ ፈረንሳይ በሚያበቃ ውድድር ሞተር ሳይክል ሲነዳ በሰሃራ በረሃ ጠፋ። ከሞት ተርፎ ሲመለስ «ሁለተኛ በረሃ አልረግጥም» አላለም፤ ያየሁትን ሌላውም ይየው ብሎ የራሱን ውድድር አዘጋጀ። የመጀመሪያው ዲሴምበር 26 ቀን 1978 ከፓሪስ ተነሥቶ 10,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ በጃንዋሪ 1979 የሴኔጋል ዋና ከተማ ዳካር ገባ። ከተነሡት 182 ተሽከርካሪዎች መጨረሻ ላይ የደረሱት 74 ብቻ ነበሩ። ሳቢን ራሱም በ1986 በውድድሩ መካከል ማሊ ውስጥ በሄሊኮፕተር አደጋ ሞተ።

በ2008 በሞሪታኒያ በኩል የጸጥታ ስጋት ስለነበረ ውድድሩ ሳይካሄድ ቀረ። ከ2009 ጀምሮ ወደ ደቡብ አሜሪካ ተሻገረ፤ ከ2020 ወዲህ ደግሞ ሳዑዲ አረቢያ ገባ። ስሙ ግን ያው ዳካር ነው። ሰውም እንዲሁ አይደል? አገሩን ለቆ ሲሄድ ስሙን ይዞ ይሄዳል።

አሁን ውድድሩ የሚያልፍበትን አገር እንመልከት። ከጅዳ ተነሥቶ ቀይ ባሕርን በስተ ግራ እያዩ ወደ ሰሜን ሲሄዱ ያንቡና አል ወጅህ የሚባሉ የወደብ ከተሞች አሉ። በሰሜን ምዕራብ ጫፍ ኒዮም የሚባለው አካባቢ ይገኛል፤ ውድድሩ በ2020ም በ2021ም በዚያ አልፏል። ከጥንት ጀምሮ ብዙዎች ምድያም የሚሉት ይህን አገር ነው። በኦሪት እንደተጻፈው ሙሴ ከፈርዖን ሸሽቶ የካህኑን የዮቶርን በጎች የጠበቀው በምድያም ነው። ወደ ውስጥ ገባ ሲሉ አል ኡላ ትገኛለች። በአጠገቧ ሄግራ በተባለው ስፍራ ናባታውያን ከቀይ ዓለት ፈልፍለው የሠሯቸው መቃብሮች እስከ ዛሬ ቆመዋል። እዚህ ኔጌቭ ውስጥ ለሽርሽር ስንሄድ የምናያቸውን አቭዳትን፣ ሺቭታንና ማምሺትን የሠሩት እነዚሁ ናባታውያን ናቸው። ከየመን የመጣውን ዕጣንና ከርቤ በግመል ጭነው እስከ ጋዛ ወደብ ያደርሱ ነበር። በዚያው አገር በኸይበርና በተይማ ከእስልምና በፊት ጀምሮ አይሁድ ይኖሩ ነበር። አገሩ ባዕድ ይምሰል እንጂ ወሬው ከእኛ ወሬ የራቀ አይደለም።

በደቡብ በኩል ያለው ግን ሌላ ነው። ሩብዕ አል ኻሊ ይባላል፤ ትርጓሜው «ባዶው ሩብ» ማለት ነው። ስፋቱ 650,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ከመላው ኢትዮጵያ ግማሽ ይበልጣል። አብዛኛው የአሸዋ ተራራ ነው። አሸዋ ላይ ሲደርሱ ሹፌሮቹ የጎማውን ንፋስ ይቀንሳሉ፤ ጎማው ሲላላ መኪናው አይሰምጥም። ድንጋይ ሲመጣ ደግሞ መልሰው ይሞሉታል። የሚፈሩት ሰዓት ቀትርን ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ጥላ ስለማይኖር የአሸዋው ጫፍ የቱ እንደሆነ፣ ከጫፉ ወዲያም ገደል ይኑር ሜዳ አይለይም።

ሰው የሚሸነፈው ግን በአሸዋው ብቻ አይደለም። ብዙውን ጊዜ የሚያሸንፈው መንገድ መጥፋት ነው። በመኪናው ውስጥ ከሹፌሩ ጎን መንገድ መሪ ይቀመጣል። የሚመራው «ሮድቡክ» በሚሉት የመንገድ መጽሐፍ ነው፤ ጠዋት ከመነሣታቸው ጥቂት ቀደም ብሎ ይሰጠዋል። እንደ ካርታ አገሩን ሁሉ አያሳይም። በየመስመሩ ሦስት ነገር ብቻ አለበት፦ ስንት ኪሎ ሜትር እንደተሄደ፣ እዚያ ቦታ ምን እንደሚታይ የሚያሳይ ትንሽ ሥዕል፣ ምን መጠንቀቅ እንደሚያስፈልግ የሚገልጽ ምልክት። ደረቅ ወንዝ፣ ብቻውን የቆመ ዛፍ፣ መንታ መንገድ። አደጋው ቀላል ሲሆን አንድ የቃለ አጋኖ ምልክት፣ ሲከፋ ሦስት ይደረግበታል። የተወሰኑ ነጥቦችን ሳይነካ ያለፈ ሰው ቅጣት ይጨመርበታል። ስለዚህ በጣም የሚሮጠው ሁልጊዜ አይቀድምም፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ተሳስቶ ሲመለስ ቀን ይመሽበታል።

ሲመሽ ሁሉም ሰፈር ይገባሉ። በኦሪት የእስራኤል ልጆች በምድረ በዳ ይሰፍሩ እንደነበረው፣ ድንኳን ተተክሎ፣ መብራት በርቶ፣ ምግብ ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸዋል። ሹፌሩ ሲተኛ መካኒኩ ይነሣል፤ የተሰበረውን እየቀየረ ሌሊቱን ያነጋል። በ2024 ደግሞ በዚያው በባዶው ሩብ የሁለት ቀን ልዩ ጉዞ አደረጉባቸው። ከቀትር በኋላ 10 ሰዓት ሲሆን ሁሉም በአቅራቢያው ባገኘው ትንሽ ሰፈር እንዲቆም ታዘዘ። መካኒክ የለም፣ ከቡድኑ ጋር መነጋገር የለም። ድንኳንና ስንቅ ተሰጥቷቸው አደሩ። ይህን ሳነብ ሰንበት በመንገድ ላይ የገባባቸው ሰዎች ትዝ አሉኝ።

ከውድድሩ ሕግ ሁሉ እኔ የወደድኩት አንዱን ነው። ተወዳዳሪ ወድቆ የተጎዳ ሰው አግኝቶ ለመርዳት ከቆመ፣ የቆመበት ሰዓት ይመለስለታል። ፓውሎ ጎንሳልቬሽ የሚባል ፖርቱጋላዊ ሞተረኛ ነበር። በ2016 በደቡብ አሜሪካ ኦስትሪያዊው ማቲያስ ዋልክነር እግሩ ተሰብሮ ወድቆ ሲያገኘው፣ ውድድሩን ትቶ እርዳታ እስኪመጣ አጠገቡ ቆመ። በጃንዋሪ 2020 በሳዑዲ ጎንሳልቬሽ ራሱ ወደቀ። ያገኘው አውስትራሊያዊው ቶቢ ፕራይስ ነበር። ፕራይስም ቆመ፤ ሊያተርፈው ሞከረ፤ ወደ ሄሊኮፕተሩም አብሮ ተሸከመው። ጎንሳልቬሽ ግን አልተረፈም። ያረፈው በ40 ዓመቱ ነው።

ሴቶችም አሉበት። በ2001 በመኪና ያሸነፈችው ዩታ ክላይንሽሚት የምትባል ጀርመናዊት ነበረች። በሳዑዲ አረቢያ ሴት መኪና እንድትነዳ የተፈቀደው በ2018 ነው፤ በ2022 ግን ሁለት የሳዑዲ ሴቶች በዚሁ ውድድር ተሰለፉ። በ2025 ደግሞ የአገሩ ልጅ ያዚድ አል ራጂህ በመኪና አንደኛ ወጣ።

በብርድ ወራት አንድ ቀን ተማሪዎችን ይዤ ኤይላት ወርጄ ነበር። ከከተማው በስተ ደቡብ ባለው ዳርቻ ቆሞ ባሕሩን የተሻገረ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው በዮርዳኖስ ከተማ በአቃባ ላይ ነው። ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሲያዩ ቀላ ያሉ ተራሮች ይታያሉ፤ እነዚያ የሳዑዲ ናቸው። ልጆቹ፣ «ዳካር የሚነዱት እዚያ ነው?» አሉኝ። እዚያና ከዚያ ወዲያ ነው አልኳቸው። ቀጥዬም ይህ ባሕር ወደ ታች የት እንደሚያደርስ ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። አላወቁም።

ይህ ባሕር ወደ ደቡብ ሲወርድ በምሥራቅ ዳርቻው ጅዳ፣ በምዕራብ ዳርቻው ሱዳን አለ። ከፖርት ሱዳን በስተ ሰሜን ዓሩስ የሚባል የመዝናኛ ስፍራ ነበር። የሞሳድ ሰዎች የቱሪስት ሆቴል አስመስለው ይዘውት፣ ከገዳሪፍ አካባቢ የስደተኛ ሰፈሮች የወጡ ወገኖቻችን በጭነት መኪና፣ በሌሊት፣ ወደዚያ ጠረፍ ይወሰዱ ነበር። ከ1981 ጀምሮ የእስራኤል ባሕር ኃይል መርከብ ተቀብሎ፣ ያኔ በእስራኤል እጅ ወደነበረው ወደ ሻርም አል ሼክ አደረሳቸው። መርከቡ ወደ ሰሜን ሲሄድ በስተ ቀኙ የነበረው ምድር በ2021 የእኛ ሹፌሮች የነዱበት ምድር ነው። ይህን ስነግራቸው ልጆቹ ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

አንዱ ልጅ፣ «አያቴ በመርከብ ነው የመጣችው፤ ግን ከዚያ በፊት የት የት እንዳለፈች አላውቅም» አለ። የውድድሩን ሰፈሮች ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይቆጥራቸዋል። ልጁን አልወቅሰውም። የዳካር መንገድ በየመስመሩ ተጽፎለታል፤ የአያቱን መንገድ የጻፈለት የለም።

ከጎንደር፣ ከወልቃይት፣ ከጠለምት የተነሡት ወላጆቻችን ቀን እየተደበቁ ሌሊት ይሄዱ ነበር። ሽፍታ ነበረ፣ ጥም ነበረ፤ ሱዳን ከደረሱ በኋላ ደግሞ በሽታ ነበረ። በመንገድና በሰፈሮቹ 4,000 ያህል ሰው አልቋል፤ መታሰቢያቸው በኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ ላይ ቆሟል። የዳካር ሹፌር አደጋ ሲደርስበት ቁልፍ ተጭኖ ሄሊኮፕተር ይጠራል። ያኔ ቁልፉ ሰው ነበር። የደከመውን የሚሸከም፣ በአህያ ላይ ቦታውን የሚለቅ፣ ከኋላ የቀረውን ቆጥሮ የሚመለስ። ሰዓቱን የሚመልስለት ዳኛ ግን አልነበረውም። አንዳንዱ ለሌላው ሲል ቆሞ እዚያው ቀርቷል።

ከኤይላት ስንመለስ ለተማሪዎቹ የቤት ሥራ ሰጠሁ። እያንዳንዱ ከአያቱ ወይም ከእናት ከአባቱ ጋር ተቀምጦ የመንገድ መጽሐፍ ይሥራ አልኩ። አሠራሩ እንደ ዳካሩ ነው፤ በየመስመሩ ሦስት ነገር ብቻ፦ ስንት ቀን እንደተሄደ፣ ምን እንደታየ፣ ምን እንደተፈራ። ብዙዎቹ «አያቴ ማውራት አይወድም» ብለው ነበር። ሆኖም ሽማግሌዎቹ «ታሪክህን ንገረኝ» ሲባሉ ዝም የሚሉትን፣ «ከዚያ ወንዝ በኋላ ወደ ቀኝ ነው ወደ ግራ?» ሲባሉ መለሱ። መንገድ ያስታወሰ ሰው የተቀረውንም ያስታውሳል። ከመጡት ወረቀቶች በአንዱ ላይ ሦስት የቃለ አጋኖ ምልክት የተደረገበት መስመር ነበር፤ ኪሎ ሜትር የለውም፣ ሥዕል የለውም፣ የአንዲት ሕፃን ስም ብቻ። ልጁ፣ «እናቴ እንኳን ይህን ስም ከዚህ በፊት ሰምታ አታውቅም» አለኝ።

ስለዚህ ወላጆች፣ በሚመጣው ጃንዋሪ የልጅ ልጆቻችሁ ያን ውድድር ሲያዩ አብራችኋቸው ተቀመጡ። ደስ የሚል ነገር ነው፤ የሹፌሮቹም ጥንካሬ ይደነቃል። ሲጨርሱ ግን ወረቀትና እርሳስ አስመጡና በመጀመሪያው መስመር ላይ የተነሣችሁበትን መንደር አስጽፏቸው።