ነፋሱ ከየት ነው?

በእኔ ልጅነት የጂንካ አውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ነበር። አጥር የለው፣ አስፋልት የለው፤ ከከተማው መሐል የተዘረጋ ሣር ነው። ከብት ይግጥበታል፣ ተማሪ ያቋርጠዋል፣ ከሰዓት በኋላ እኛ ኳስ እንጫወትበታለን። የትዊን ኦተሩ ድምፅ ከተራራው ጀርባ ሲሰማ ጨዋታው ይቆማል፤ ዱላ ያለው በዱላ፣ የሌለው በጩኸት ላምና ፍየሉን ማባረር ነው። ደሞዝ አልነበረንም። ግን የሞተሩን ሽታ ከከተማው ሰው ሁሉ ቀድመን የምንምገው እኛ ነበርን።

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ፣ “አጎቴ፣ ፓይለት መሆን እፈልጋለሁ፤ ከምን ልጀምር?” ስትለኝ መጀመሪያ የታወሰኝ ያ ሣር ነው። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። የጠበቀችው የትምህርት ቤት ስምና የክፍያውን ልክ ይመስለኛል። እኔ ስለ ጭቃ ማውራት ጀመርኩ።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል። አውሮፕላኑ አርፎ፣ ሰውም ጭነቱም ከወረደ በኋላ ሸበት ያለው ካፒቴን ብቅ አለ። ሣሩን በጫማው ጫፍ እየነካካ ጥቂት ከተራመደ በኋላ ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣ።

“ማሙሽ፣ እዚያ ማዶ ጫፉ ላይ መሬቱ እንዴት ነው? ደርቋል?”

ካፒቴን እኔን ጠየቀኝ! ጓደኞቼ እያዩ! “ደርቋል ጋሼ!” አልኩ በሙሉ ድምፅ። ጫፉ ድረስ ከሄድኩ ሦስት ቀን ሆኖኛል።

እጄን ይዞኝ ሄድን። ጫፉ ላይ ደርሰን ተረከዙን መሬቱ ላይ ሲተክለው ውሃ ቡልቅ ብሎ ወጣ። አልተቆጣም። ተቆጥቶ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

“አይተህ ነው የነገርከኝ ወይስ እኔን ደስ ይበለው ብለህ?”

ዝም አልኩ።

“አላየሁም ብትለኝ እኮ ራሴ ሄጄ አያለሁ። ደርቋል ካልከኝ ግን አምኜህ ሰው ጭኜ እነሳለሁ።”

ስንመለስ ነፋሱ ከየት እንደሆነ ጠየቀኝ። “ወደዚያ ነው” ብዬ ጠቆምኩ። ሳቀ። ነፋስ በሚሄድበት ሳይሆን በመጣበት እንደሚጠራ ነገረኝና ጥቂት ሣር ቀጥፎ ወደ ላይ በተነው። አውሮፕላን የሚነሳው ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙሮ ነው፤ ክንፉ ላይ የሚያልፈው አየር ስለሚፈጥንለት አጭር መሬት ይበቃዋል። የፊዚክስ መምህሬ እዚህ ምዕራፍ ላይ ሲደርሱ እኔ በሣር አውቄው ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር እየረገጥኩ እዞር ነበር። የጠየቀኝ የለም። ካፒቴኑ በመጣ ጊዜ ግን ሮጬ፣ “ጋሼ፣ በዛፎቹ በኩል ሃምሳ እርምጃ ያህል እርጥብ ነው” እለዋለሁ። እሱም ሄዶ ያያል። ማመኑን አላቆመም፤ ማየቱንም አልተወም።

አንድ ቀን ወንበሩ ላይ አስቀመጠኝ። የትዊን ኦተር መሪ ከመሐል ከተተከለ አንድ ግንድ ላይ እንደ ባላ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ለካፒቴኑ፣ አንዱ ለረዳቱ። የሞተሮቹ መቆጣጠሪያ ደግሞ ጣሪያው ላይ ነው፤ ተንጠራርቼም አልደረስኩበትም። ስለ ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የነገረኝ ያኔ ነው። እሳቸው እ.ኤ.አ. በ1957 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የንግድ አውሮፕላን አዛዥ ሲሆኑ በዚያ ወንበር ላይ የሚታዩት የውጭ ሰዎች ነበሩ። ቅዳሜ ዕለት ለእህቴ ልጅ እ.ኤ.አ. በ2010 የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆና ስለተሾመችው ስለ አምሳለ ጓሉ ልነግራት ስል፣ “እሷንማ አውቃታለሁ” ብላ አቋረጠችኝ። ደስ አለኝ።

ያንኑ ጥያቄ የጠየቀኝ ሁለተኛው ሰው ሐኪም ነው። አድጌ፣ አዲስ አበባ መጥቼ፣ ለአብራሪነት ምልመላ ተሰልፌ። ነጠብጣብ የሞላባቸው ክብ ሥዕሎች ያሉበት መጽሐፍ ገለጠልኝ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ 12 ቁጥር ወለል ብሎ ይታያል። ሁለተኛው ገጽ ላይ ነጠብጣብ ብቻ። “6” አልኩ። ሦስተኛው ላይ፣ “5”። ሐኪሙ መጽሐፉን በቀስታ ከደነ።

“እያየህ ነው ወይስ እየገመትክ?”

የጂንካው ውሃ እግሬ ሥር ቡልቅ ሲል ተሰማኝ። “አላየሁም” አልኩ። ቀይና አረንጓዴን በወጉ አለመለየቴን ያን ቀን አወቅኩ።

ለወራት ተናድጃለሁ። ኋላ ምክንያቱ ገባኝ። የአውሮፕላን ግራ ክንፍ ጫፍ ላይ ቀይ፣ ቀኝ ክንፍ ጫፍ ላይ አረንጓዴ መብራት አለ፤ በሌሊት ከሩቅ የሚመጣው አውሮፕላን ፊቱን ወዴት እንዳዞረ የሚታወቀው በእነዚያ ነው። ሬዲዮ ቢበላሽ ከመቆጣጠሪያው ማማ የሚበራልህ ቋሚ አረንጓዴ “እረፍ” ነው፤ ቋሚ ቀይ “ቅድሚያ ስጥ፣ መዞርህን ቀጥል”። እዚያ ላይ መገመት አይቻልም።

ስለዚህ ለልጅቷ ከሁሉ በፊት ያልኳት ይህን ነው፦ ገንዘብ ሳይከፈል፣ ቤት ሳይሸጥ፣ ለአብራሪ የሚደረገውን የአንደኛ ክፍል የሕክምና ምርመራ አድርጊ። ሌላውን በሩጫ ነገርኳት። የንግድ አብራሪ ፈቃድ 18 ዓመት ይጠይቃል፤ ለካፒቴንነት የሚያስፈልገው የአየር መንገድ ፈቃድ ደግሞ 21 ዓመትና 1,500 የበረራ ሰዓት። እንግሊዝኛሽ ሬዲዮው እየተንጫጫም ተሰምቶ የሚገባ ይሁን። ሒሳቡ እንደሚፈራው አይደለም፤ በጭንቅላት ቶሎ ማስላት ነው። ከ30 ሺህ ጫማ ለመውረድ ስንት ርቀት ያስፈልጋል? ሠላሳውን በሦስት አባዢው፤ 90 የባሕር ማይል ግድም። ወዲያው 24 ሺህ ስላት ሳትዘገይ “72” አለች። እናቷ ቡና እየቀዳች ገላመጠችን።

እኔ ዲስፓቸር ሆንኩ። በረራው ስንት ነዳጅ ይያዝ፣ ስንት ጭነት ይጫን፣ መንገዱ ላይ አየሩ እንዴት ነው፤ ሥራዬ ይህ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ7,600 ጫማ ይበልጣል። አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ፀሐይ ሲበረታ ደግሞ ይብስበታል፤ ቆላ ላይ ሞልቶ የሚነሳ አውሮፕላን እዚህ ጭነት ሊቀንስ ይችላል። ካፒቴኖቹ ወረቀቱን ተቀብለው ፊት ፊቴን ሲያዩኝ፣ አንዳንዴ “ደርቋል ጋሼ!” የምትለዋ ድምፅ ምላሴ ጫፍ ላይ ትመጣለች።

ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሶ ነበር። “እሺ” አልኳት፣ “አሁን ነፋሱ ከየት ነው?”

ጣቷን አንስታ በመስኮቱ በኩል ልትጠቁም አለችና መለሰችው።

“ቆይ አጎቴ” አለች፤ ጫማዋን ሳታጠልቅ ልብስ ወደተሰጣበት በረንዳ ወጣች።